የሚኒሞዋን ቪቴ ለጊዜው ተዉአት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልን።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ባለአራት ጎማ ሞተር ይዞ ጋራዥ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው አቤቱታ አንድ ነው፤ «ስሄድ ደህና ነው፣ ስቆም ይጠፋብኛል።» መድኃኒቱም አንድ ሆኗል። ካቻቪቴ ይወጣል፣ የሚኒሞዋ ቪቴ (ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር የምትወስነው) ግማሽ ዙር ትጠብቃለች፣ ሞተሩ ጮክ ይላል፣ ሂሳብ ይከፈላል። ሳምንት ሳይሞላ ያው ችግር ይመለሳል፤ ሌላ ግማሽ ዙር ይጨመራል። ይህችን ቪቴ በመጀመሪያ ሳይሆን በመጨረሻ መንካት እንደሚገባ ለባለንብረቶችም ለሙያ ጓደኞቻችንም ለማስረዳት ነው የምንጽፈው። የምንለው ነገር ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ዕቃ) ላለው ሞተር ሳይክልና ባጃጅም በአብዛኛው ይሠራል፤ መጠኖቹ ግን ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያዩ የየራሳቸውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ግድ ነው።

ቪቴዋ የምትሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው። የካርቡራተሩን የአየር በር በትንሹ ከፍ አድርጋ ትይዛለች። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚጠጣው ቤንዚን የሚመጣው በትንሿ ጂግለር (ቤንዚን በልክ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ብሎን) በኩል ነው። ትንሿ ጂግለር በቆሻሻ ስትደፈን ሞተሩ ይራባል፤ ቪቴዋ ስትጠብቅ በሩ ከፍ ይልና በትልቁ ጂግለር በኩል ቤንዚን መሳብ ይጀምራል። ስለዚህ የዳነ ይመስላል። የተደፈነው ቀዳዳ ግን እንደተደፈነ ነው፤ የተደረገው በሽታውን መሸፈን ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ድምፅ ብቻ አይደለም። የአብዛኞቹ አንድ ሲሊንደር ያላቸው ሞተሮች ትክክለኛ ሚኒሞ በደቂቃ ከ1,300 እስከ 1,500 ዙር ነው። ብዙ ባለአራት ጎማ ሞተሮች በዙር ኃይል ራሱ የሚይዝ ፍሪሲዮን (የሞተሩን ኃይል ከጎማው ጋር የሚያገናኝና የሚለያይ) አላቸው፤ ዙሩ 2,000 አካባቢ ሲደርስ መያዝ ይጀምራል። ሚኒሞው ወደዚያ ሲጠጋ ማርሽ ሲገባ «ጓ» ይላል፣ ሞተሩ ፍሬን ተይዞም ወደፊት ይገፋል፣ ፍሪሲዮኑ ሳያስፈልገው ይቃጠላል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ ሰው ነዳጅ ለቅቆ እያለ ሞተሩ ከኋላ ሲገፋው ምን ማለት እንደሆነ ለነዋሪው መንገር አያስፈልግም። ከልክ በታች የወረደ ሚኒሞም ደህና አይደለም፤ ባትሪው በቂ ቻርጅ አያገኝም፣ የዘይቱም ግፊት ይወርዳል።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ የሚቀዳው ቤንዚን አየሩ በቀነሰው ልክ አይቀንስም። ፋብሪካው ለዝቅተኛ ቦታ ያስተካከለው ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ የቤንዚንና የአየር ቅልቅሉ 15 በመቶ ገደማ በቤንዚን ይወፍራል። ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ይጠቁራል፣ ሞተሩ ሲቆም ዙሩ ይወርድ ይወርድና ይጠፋል። አዲስ ሞተር ገዝቶ «ፋብሪካው ያወጣው ነውና አትንኩብኝ» የሚል ሰው አለ። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ፋብሪካው ግን ደብረ ብርሃንን አስቦ አላስተካከለውም። በአየሩ መሳሳት የጠፋው ሩብ ያህል ጉልበት በማንኛውም ማስተካከያ እንደማይመለስም አብሮ መታወቅ አለበት። መመለስ የሚቻለው የተስተካከለ አሠራሩ፣ ቤንዚኑና ንጹሕ ካንዴላው ነው።

እንግዲህ ምርመራው የሚጀምረው ቁልፍ ሳይነሳ በመጠየቅ ነው። የሚጠፋው ጠዋት በብርዱ ብቻ ነው? ወይስ ሲሞቅ? መሪው ወደ ግራ ሲዞር ሚኒሞው ይወጣል? እንዲህ ከሆነ የነዳጅ መስጫው ገመድ ተወጥሯል ወይም መንገዱን ስቷል፤ ካርቡራተሩ ጥፋት የለበትም። ገመዱ መያዣው ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ልል መሆን አለበት። ሩብ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ቆራርጦ ይጠፋና የቤንዚን ታንከሩ ክዳን ሲከፈት «ፍስስ» ብሎ ይነሳል? የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው፤ በጭቃ አገር ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ጥገናው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ግን ካርቡራተር ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ የሚደረስበት ጊዜ ይበዛል።

ቀጥሎ ነዳጁን ሰጥቶ መልቀቅና ዙሩን ማዳመጥ። ዙሩ ከፍ ብሎ ይቆይና ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ቅልቅሉ ቀጥኗል (ቤንዚን አንሶታል)፤ አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው ወይም ትንሿ ጂግለር ታፍናለች። ዙሩ ከልክ በታች ወርዶ ተንተፋትፎ የሚመለስ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ቅልቅሉ ወፍሯል። ይህንን በቾክ (በብርድ ለማስነሳት ቤንዚን በሚያበዛው) ማረጋገጥ ይቻላል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ ቾኩን በትንሹ መሳብ ነው። ከተሻለው ቤንዚን አንሶት ነበር፤ ከባሰበት በዝቶበት ነው። ምንም ለውጥ ካላሳየ የቾኩ ገመድ ወይም ራሱ ቾኩ መንቀሳቀሱን ማየት ያስፈልጋል፤ ግማሽ ተከፍቶ የቀረ ቾክ ቅልቅሉን ስለሚያወፍር ሰው ከፍታውን ሲረግም ጥፋቱ የዝገት ሊሆን ይችላል።

ካንዴላው ደግሞ ያለ ቃል ይመሰክራል። ቀለሙ እንደ ተቆላ ገብስ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የወፈረ ቅልቅል ነው፤ ቅባታማ ጥቁር የፒስቶን ፋሻ (ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ ማለቅ ነው፤ ነጭ ወይም ግራጫ የቀጠነ ቅልቅልና ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነው፤ በቤንዚን የራሰ ደግሞ ብልጭታ ጠፍቷል ወይም ተጥለቅልቋል። የካንዴላው ክፍተት ለብዙዎቹ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ለማየት የሚወጣው ሞተሩ ሥራ ላይ ቆይቶ ወዲያው ሲጠፋ ነው፤ ጠዋት በቾክ ተነስቶ የጠፋ ሞተር ካንዴላ ሁልጊዜ ጥቁር ስለሆነ ማንንም አይመክርም።

ቅልቅሉ ቀጥኗል ከተባለ የመጀመሪያው ጥርጣሬ በካርቡራተሩና በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) መካከል ያለችው ጎማ ናት። በፀሐይና በብርድ ትሰነጠቃለች፤ ስንጥቁ በዓይን የሚታየው ጎማዋ ስትታጠፍ ነው። ለመፈተሽ ቤንዚን የሚረጭ አለ፤ እባካችሁ ተዉ፤ የሚግል ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት ጋራዥ ያቃጥላል። በውኃ መርጫ ጠርሙስ ሳሙና ያለበት ውኃ መርጨት ይበቃል፤ ውኃው ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ ዙሩ ይለወጣል። ስንጥቅ ከተገኘ መለዋወጫው ይቀየር፤ በማጣበቂያ የተለሰነ ጎማ ቤንዚን ሲነካው ይለቃል።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ትንሿ ጂግለር ናት። የነሐስ ናት፣ ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን አቧራ፣ ውኃና አንዳንዴም ነጭ ጋዝ ይዞ ይመጣል፤ ሞተሩ ሳምንታት ሳይነሳ ከቆመ ደግሞ ቤንዚኑ ተንኖ የሚተወው ሙጫ መሰል ነገር መጀመሪያ የሚደፍነው ይህችን ቀዳዳ ነው። ከመፍታት በፊት የካርቡራተሩን ሥር ማፍሰሻ ብሎን ከፍቶ ያለውን ቤንዚን በንጹሕ ብርጭቆ መቀበል ያስፈልጋል። ሥሩ ላይ የሚንከባለል ጠብታ ከታየ ውኃ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ታንከሩም ይራገፍ፣ አለዚያ ዛሬ የታጠበ ካርቡራተር ነገ ይመለሳል። የታንከሩ መታጠብ ሲቀር ካርቡራተር ማጠብ የገንዘብ ብክነት ነው ብለን እናምናለን።

ጂግለሯ ስትፈታ የምትስማማ ካቻቪቴ ያስፈልጋል፤ ነሐስ ስለሆነች ቶሎ ትበላለች። ከዚያ በካርቡራተር ማጠቢያ ይነከራል፣ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል። ወደ ብርሃን ተይዛ ስትታይ ቀዳዳዋ ፍጹም ክብ መሆን አለበት። በሽቦ መውጋት ክልክል ነው፤ ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋታል፣ በወረቀት ላይ የቀዳዳዋ ቁጥር 38 የሆነች ጂግለር በሥራ 42 ትሆናለች፣ ከዚያ በኋላ ምንም ቢዞር አይስተካከልም። በካርቡራተሩ አካል ውስጥ የሚሄዱትን ቀጫጭን መንገዶችም እያንዳንዳቸውን መንፋት ያስፈልጋል፤ ይህ የሚዘለል ሥራ ስለሆነ «አጥበነው ነበር» የተባለ ካርቡራተር በድጋሚ ሲፈታ ቆሻሻው እዚያው ይገኛል። ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑና የጎማ ቀለበቶቹ ካበጡ ይቀየሩ፤ ተንሳፋፊዋ ውስጥ ቤንዚን ገብቶ እንደሆነም ለማወቅ ማናወጥ ብቻ ይበቃል።

አሁን የቅልቅል ቪቴ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት አለችና። ከሞተሩ በኩል ያለችው ቪቴ ቤንዚን ትቆጣጠራለች፤ ስትፈታ ቅልቅሉ ይወፍራል። ከአየር ፊልትሮው በኩል ያለችው አየር ትቆጣጠራለች፤ ስትፈታ ይቀጥናል። ሁለቱን ሳይለዩ ማዞር በተቃራኒው መሄድ ነው። ቪቴዋን ቀስ አድርጎ እስክትነካ መጠበቅ፣ የዞረችውን ቆጥሮ በወረቀት መጻፍ፤ ማስጨነቅ አይገባም፣ ጫፏ እንደ መርፌ ስለሆነ መቀመጫውን ትሰነጥቃለች። ከዚያ አንድ ተኩል ዙር ፈትቶ መነሻ ማድረግ። ሞተሩ አሥር ደቂቃ ያህል ይሙቅ፣ ሚኒሞው ወደ 1,500 ይያዝ፤ ዙር መለኪያ ከሌለ በካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም ርካሽ መለኪያ ይሠራል። ከዚያ በሩብ ዙር እያዞሩ፣ በየመሀሉ አሥር ሰከንድ እየጠበቁ፣ ዙሩ ከሁሉ ከፍ የሚልበትን ቦታ መፈለግ ነው። የሚኒሞዋ ቪቴ የምትነካው እዚህ ነው፤ ወደ 1,400 ትመለሳለች፤ ሥራው አለቀ።

ቪቴዋ ጥሩ ቦታዋን ያገኘችበት ዙር ቁጥር ራሱ ይናገራል። የቤንዚን ቪቴ ከሦስት ሩብ ዙር በታች ገብታ ብቻ የሚሻለው ከሆነ ትንሿ ጂግለር ትልቅ ናት፤ ከሁለት ተኩል ዙር በላይ ወጥታ ከሆነ ትንሽ ናት። በአየር ቪቴ ይህ ይገለበጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የመጀመሪያው ነው። መድኃኒቱ አንድ ደረጃ ያነሰች ጂግለር ናት። ቁጥሩ በቀዳዳው ስፋት (በዲያሜትሩ) በሚቆጠርባቸው ካርቡራተሮች፣ በ2,840 ሜትር ላይ የቀዳዳው ስፋት ወደ 7 በመቶ መቀነስ አለበት፤ 38 ከነበረ 35፣ ትልቁ 100 ከነበረ ወደ 95 ወይም 92። ከዚያ በላይ መቀነስ አያስፈልግም፤ ቀጥኖ የሚሠራ ሞተር ይሞቃል፣ ፒስቶን ይጎዳል።

ችግሩ አገራችን ሜዳ አይደለችም። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተቆፈረውን የጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት የገባ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ 1,500 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ናት። በብዙ አምራቾች መመሪያ ላይ ለከፍታ የተስተካከለ ካርቡራተር ከ1,500 ሜትር በታች ለረጅም ጊዜ እንዳይሠራ የሚያስጠነቅቅ ቃል አለ፤ ሞተሩን በሙቀት ያበላሻልና። ስለዚህ ደጋ ላይ ብቻ የሚሠራ ሞተር የደጋ ጂግለር ይያዝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቆላ የሚወርድ ግን ትልቁን ጂግለር የፋብሪካውን ይተው፣ ቪቴዋን ብቻ ወደ መሀል ያስተካክል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ይወፍርበታል፣ ካንዴላ በየጊዜው ያጸዳል፣ ሞተሩ ግን ይተርፋል። ሁለቱንም ፍጹም የሚያደርግ ማስተካከያ በካርቡራተር የለም። አለ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የጂግለሩን ቁጥር ጠይቁት።

ስለ አየር ፊልትሮ አጭር ቃል። የተደፈነ ፊልትሮ ቅልቅሉን ያወፍራል፣ በከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል። የስፖንጅ ፊልትሮ በነጭ ጋዝ፣ ከዚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል፣ በፊልትሮ ዘይት ነክሮ ጭምቅ ይደረጋል፤ ደረቅ ስፖንጅ አቧራ ያሳልፋል። የወረቀት ፊልትሮ ግን አይታጠብም። ፊልትሮ አውልቆ የሚነዳ ሰው ሚኒሞው የተሻለለት ቢመስለው ሲሊንደሩን በአሸዋ እየሞረደ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር ካለ ቫልቩ ይታይ። የቫልቭ ክፍተት ለብዙዎቹ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶ፣ ፒስቶኑ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ጫፍ ላይ ሲሆን ነው። ቫልቭ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጣል፣ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ግፊት ያመልጣል፣ ሚኒሞው ይሞታል። የሚንካካ ቫልቭ ሰውን ያስደነግጣል፤ እኛን ይበልጥ የሚያስደነግጠን ግን ዝም ያለው ነው። ቫልቩ ልክ ሆኖ ሲሞቅ ብልጭታው የሚደክም ከሆነ ቦቢናው (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው) ወይም የብልጭታ ምልክት ሰጪው ኮይል ነው፤ ሞተሩ ሲበርድ ጤነኛ ስለሚመስል መለካት ያለበት እንደጠፋ በትኩሱ ነው።

ለደጋው ሰው ሌላ ነገር ልንጨምር። በክረምት፣ ጉም ጣርማበርን ሲሸፍን፣ ሞተር ያለ ምክንያት ይቆራርጥና ይጠፋል፤ ባለቤቱ አሥር ደቂቃ ቆሞ ሲሞክረው ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ቤንዚን ካርቡራተሩ ውስጥ ሲተን አካባቢውን ያቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ ውስጥ በረዶ ይሠራና የሚኒሞውን ቀዳዳ ይዘጋል። የሞተሩ ሙቀት ሲደርሰው ይቀልጣል። ለዚህ የሚፈታ ነገር የለም፤ ቆም ማለትና ካርቡራተሩ አጠገብ ያለ መከለያ ካለ አለማውለቅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ጠዋት የሚጠፋ ሞተር ደግሞ ዘይቱ በብርድ የሚወፍረው 20W-50 ሊሆን ይችላል፤ መመሪያው ከፈቀደ 10W-40 ይቀላል።

ካርቡራተር የሌላቸው፣ በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጩ ሞተሮች ከፍታውን በግፊት ሴንሰራቸው ስለሚያውቁ የላይኛው የጂግለር ጉዳይ አይመለከታቸውም። እነሱ ሚኒሞ ሲያጡ በመጀመሪያ ባትሪ ይለካ፤ ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ በመካከለኛ ዙር ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5። ቀጥሎ በአየር በሩ ዙሪያ የተከማቸው ጥቁር ጥላሸት በጨርቅ ይጽዳ። በቀለም የታሸገችውን ቪቴ አትንኩ፤ እሷ ስትዞር የበሩ ሴንሰር መነሻውን ይስታል፣ ከዚያ ያለ ኮምፒውተር መመለስ አይቻልም።

ለሻጮችና ለጋራዦች የምናቀርበው ልመና ቀላል ነው። ሞተር ሲሸጥ የትንሿና የትልቁ ጂግለር ቁጥር በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ መለዋወጫ መደብሮችም 35ንና 92ን ከ38ና ከ100 ጎን ያስቀምጡ፤ ዋጋቸው ከካንዴላ አይበልጥም። ጋራዦች ደግሞ ቪቴዋ ስንት ዙር እንደተፈታች፣ በየትኛው ከተማ እንደተስተካከለችና ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፈው ወንበሩ ሥር ይለጥፉ። በሌላ ከተማ፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላይ የሚያገኘው ቀጣዩ መካኒክ ከዜሮ አይጀምርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞተር ጥገና ባለሙያዎች፣ ከደብረ ብርሃን